ለመቅደም ፍጥነት መቀነስ

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ምሕዋር ሳይሰማ አይሄድም። የጠፈር ጉዞን ሂሳብ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም ማለት ይቻላል። ሮኬት ሲተኮስ ማየት ደስ ይላል፣ ቆጠራው፣ እሳቱ፣ ጭሱ፣ ሁሉም ልብ ይሰቅላል። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ። አንዲት መንኮራኩር ማርስ እስክትደርስ ወራት ይፈጅባታል፣ ከእነዚያ ወራት ውስጥ ዋናው ግፊት የሚሰጣት ግን ለደቂቃዎች ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሞተር ሳይገፋት ትጓዛለች። ታዲያ ማን ነው የሚነዳት? የት እንዳለችስ በምን ይታወቃል?

መልሱን አሳጥሬ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ጠፈር ላይ የት እንደምትደርሱ የሚወስነው ፍጥነታችሁ ነው። መሪ የሚባል ነገር የለም። መንኮራኩሯ አፍንጫዋን ወደፈለገችው ብታዞር መንገዷ አይቀየርም። መንገዷ የሚቀየረው ፍጥነቷ ሲለወጥ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ስበት ይሠራዋል። ይህን አንድ ነገር በደንብ የያዘ ሰው የቀረው ቀስ በቀስ ይገለጥለታል።

ከመውደቅ እንጀምር። ብዙ ሰው ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ይመስለዋል። ስበትማ አለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት እኛ የቆምንበት ቦታ ካለው 90 በመቶ አካባቢ ነው። ጣቢያው እየወደቀ ነው። ውስጡ ያሉትም አብረውት እየወደቁ ነው፣ ለዚያ ነው የሚንሳፈፉት። መሬት ላይ የማይከሰከሰው ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ከባድ ስለሆነ ነው። በወደቀ ቁጥር መሬት ከሥሩ ጎብጣ ትሸሸዋለች። አይዛክ ኒውተን ይህን ያስረዳው ከረጅም ተራራ ጫፍ ላይ የሚተኮስ መድፍ በማሰብ ነበር። ጥይቱ በቀስታ ከተተኮሰ ቅርብ ይወድቃል፣ በፍጥነት ከተተኮሰ ራቅ ይላል፣ አየሩ ባያግደውና ፍጥነቱ በቂ ቢሆን ግን መሬትን ዞሮ ከተተኮሰበት ቦታ ይመለሳል። ምሕዋር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ፣ የስልካችሁ ይበቃል። የመሬትን ስበት የሚወክል አንድ ቁጥር አለ፣ 398,600። ርቀትን በኪሎ ሜትር፣ ጊዜን በሰከንድ ስንለካ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከመሬት መሃል እስከ መንኮራኩሯ ባለው ርቀት ታካፍሉታላችሁ። ለጠፈር ጣቢያው የመሬት ግማሽ ስፋት 6,371 ሲደመር 400፣ 6,771 ይሆናል። ውጤቱ 58.87 ገደማ ነው። ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ 7.67። ይህ የጣቢያው ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር። የክቡን ዙሪያ በዚህ ብታካፍሉት ደግሞ አንድ ዙር 92 ደቂቃ አካባቢ እንደሚፈጅ ታገኛላችሁ፣ በእውነትም የሚፈጀው እንደዚያው ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያው ቀመር ውስጥ የጨረቃን ርቀት አስገቡ፣ 384,400 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቷ በሰከንድ 1.02 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። አንድ ዙር የሚፈጅባት ጊዜ ሲሰላ 27 ቀን ተኩል ይጠጋል። ትክክለኛው 27.3 ነው፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት በአብዛኛው የመጣችው ጨረቃ ራሷ ክብደት ስላላት ነው። እስቲ አስቡት። ሰው የሠራው ጣቢያና ያቺ ጥንታዊ ጨረቃ በአንድ መስመር ሂሳብ ይተዳደራሉ። ይህን በእጄ ካሰላሁ በኋላ ጨረቃን የማያት እንደ ድሮው አይደለም።

ምሕዋር ሁልጊዜ ክብ ነው ማለት ግን አይደለም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር፣ ሌላው ተመራማሪ ታይኮ ብራሄ ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን በዓይኑ የለካውን የማርስ መዝገብ ይዞ ዓመታት ታገለ። ክብን መሠረት ያደረገው ስሌቱ ከመዝገቡ ጋር የነበረው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር፣ 8 ደቂቃ ቅስት ብቻ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ቅስት ነው)። ሌላ ሰው ቢሆን ይሁን ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ አላለፈውም፣ ታይኮ እንዲህ አይሳሳትም ብሎ አመነ፣ ስሌቱን አፍርሶ እንደገና ጀመረ፣ በመጨረሻም መንገዱ ሞላላ ሆኖ አገኘው። በ1609 አሳተመው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሞላላ መንገድ ላይ ያለ ነገር ወደሚዞረው አካል ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል። ይህን ያዙልኝ፣ አሁን ያስፈልገናል።

እንግዲህ ከሁሉም በላይ የምወደው ቦታ ላይ ደረስን። እናንተ መንኮራኩር ውስጥ ናችሁ፣ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ። ከፊታችሁ በዚያው ምሕዋር ላይ ሌላ መንኮራኩር አለች፣ ልትደርሱባት ትፈልጋላችሁ። መኪና ቢሆን ነዳጅ መስጠት ነው። እናንተም ወደ ፊት ገፋችሁ፣ በፍጥነታችሁ ላይ በሰከንድ 10 ሜትር ጨመራችሁ እንበል። ምን ይሆናል?

ትንሽ ቆይታችሁ ከፍ ከፍ ማለት ትጀምራላችሁ። ክቡ ምሕዋራችሁ ወደ ሞላላ ተቀይሯል፣ በመሬት ማዶ በኩል ያለው ጫፉ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። መንገዱ ረዘመ። ከፍ ስትሉ ደግሞ ፍጥነታችሁ ይቀንሳል፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር ማለት ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ከበፊቱ 22 ሰከንድ ገደማ ይበልጥባችኋል። ሞተር ወደከፈታችሁበት ነጥብ ስትመለሱ ያቺ መንኮራኩር በ22 ሰከንዱ ተጨማሪ መንገድ ሄዳለች፣ በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር ሂሳብ። ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ራቀቻችሁ። የፈጠናችሁት ልትደርሱባት ነበር፣ ጭራሽ ወደ ኋላ ቀራችሁ።

የተገላቢጦሹን ሞክሩ። በሰከንድ 10 ሜትር ቀንሱ። ማዶ ያለው ጫፍ ዝቅ ይላል፣ መንገዱ ያጥራል፣ ዝቅ ስትሉ ትፈጥናላችሁ፣ ዙራችሁን በ22 ሰከንድ ቀድማችሁ ትጨርሳላችሁ። ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፊት ተጠጋችሁ ማለት ነው። በቃ፣ ለመቅደም ፍሬን መያዝ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ጉዳይ አይደለም። ሰኔ 1965 ጄሚናይ 4 በተባለችው የናሳ መንኮራኩር ላይ የነበረው ጠፈርተኛ ጄምስ ማክዲቪት መንኮራኩሩን ከተሸከማት ሮኬት የቀረውን የላይኛውን ክፍል ሊጠጋው ሞከረ። በዓይኑ እያየው ነው። አፍንጫውን ወደ እሱ አዙሮ ገፋ። ራቀው። ደግሞ ገፋ። ነዳጁ እያለቀ ሲመጣ ሙከራው ተቋረጠ። ማክዲቪት የተዋጣለት አብራሪ ነበር፣ ችግሩ አውሮፕላን ላይ የተማረው ስሜት እዚያ የሚሠራ አለመሆኑ ነው። ስሌቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ያኔ ጠፈርተኛው በዝ አልድሪን ሁለት መንኮራኩሮች ምሕዋር ላይ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያጠና የዶክትሬት ጽሑፉን ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1963 ጨርሶ ነበር። በዚያው በ1965 ታኅሣሥ ላይ ጄሚናይ 6ኤ ትክክለኛውን መንገድ ይዛ ወጣች። ዝቅ ካለ ምሕዋር ተነሥታ፣ ከሥር ከሥር እየፈጠነች፣ ቀስ በቀስ ከፍ እያለች ጄሚናይ 7 ዘንድ ደረሰች። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀራቸው ተጠጉ። ዛሬ ወደ ጠፈር ጣቢያ የሚሄዱ መንኮራኩሮችም የሚጠጉት በዚሁ ዘዴ ነው፣ ከታችና ከኋላ መጥተው።

ፍጥነት መቀየር ነዳጅ ይበላል። ነዳጅ ደግሞ ራሱ ይከብዳል፣ ያንን ነዳጅ ለመግፋት ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፅዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው የሮኬት ቀመር ጭካኔው እዚህ ላይ ነው። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ሲነሳ 3,000 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ወደ መሬት የተመለሰው 6 ቶን የማይሞላው የጠፈርተኞቹ ክፍል ብቻ ነው። ለዚህ ነው የሙያው ሰዎች ርቀትን በኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይልቅ «ስንት ዴልታ-ቪ ይፈልጋል?» የሚሉት፣ ማለትም በጠቅላላው ስንት የፍጥነት ለውጥ።

በዚህ መለኪያ ስታዩት ሰማዩ ሌላ ካርታ ይሆናል። መሬት ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ርቀት ላይ ከፀሐይ ስበት ለማምለጥ 42 ያስፈልጋል። እንግዲህ ከፀሐይ ሥርዓት ጨርሶ ለመውጣት በመሬት ፍጥነት ላይ 12 መጨመር ነው። ወደ ፀሐይ ለመውደቅስ? ያለንን 30 ማጥፋት ይጠበቅብናል፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ። ፀሐይ ዘንድ ከመሄድ ከዋክብት መካከል መሄድ ይቀላል ማለት ነው! ፓርከር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ2018 ተነሥታ ወደ ፀሐይ የተጠጋችው በቬነስ አጠገብ ሰባት ጊዜ አልፋ፣ በየጊዜው ፍጥነቷን ለቬነስ እያስረከበች ነው።

ማርስም ቢሆን ወደምናያት አቅጣጫ ተኩሰን የምንደርስባት አይደለችም። ጀርመናዊው ቫልተር ሆማን በ1925 ነዳጅ የሚቆጥበውን መንገድ አሳየ። በአንድ በኩል የመሬትን ምሕዋር፣ በሌላ በኩል የማርስን ምሕዋር የሚነካ ሞላላ ነው። ጉዞው ስምንት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ማርስ በዚያ ጊዜ ውስጥ የራሷን መንገድ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ስንነሳ ከእኛ 44 ዲግሪ ያህል ቀድማ መገኘት አለባት። ይህ አቀማመጥ የሚደገመው በ26 ወር አንዴ ነው። የማርስ ተልእኮዎች በአንድ ሰሞን ተከታትለው የሚተኮሱት ለዚህ ነው፤ ያ ሰሞን ካለፈ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር መጠበቅ ነው።

ነዳጅ የማይበላ ፍጥነትም አለ፣ ከፕላኔት መበደር። ማይክል ሚኖቪች የሚባል ተማሪ በ1961 በናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲሠራ ይህን በስሌት አሳየ። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ማጭበርበር ይመስላል። መንኮራኩር ጁፒተር ዘንድ ስትወድቅ ትፈጥናለች፣ ስትወጣ ያንኑ ያህል ትዘገያለች፣ ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? ትርፉ የሚታየው ከጁፒተር ሆነን ስናይ አይደለም፣ ከፀሐይ ሆነን ስናይ ነው። ጁፒተር ራሱ በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንኮራኩሯ ከኋላው ዞራ ስታልፍ መንገዷ ይታጠፍና ጁፒተር ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትወጣለች፣ የእሱ ጉዞ በእሷ ላይ ይደመራል። ጁፒተር በምትኩ ይዘገያል፣ ማንም ሊለካው በማይችል መጠን። የናሳ መንኮራኩር ቮዬጀር 2 በ1977 ስትነሳ የነበራት ፍጥነት ከጁፒተር እምብዛም አያሳልፋትም ነበር፣ ዞራ ወደ ፀሐይ አካባቢ ትመለስ ነበር። ጁፒተር በ1979 ወደ ሳተርን ላካት፣ ሳተርን በ1981 ወደ ዩራነስ፣ ዩራነስ በ1986 ወደ ኔፕቱን፣ እዚያም በ1989 ደረሰች። አራቱ ፕላኔቶች ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚሰለፉት በ176 ዓመት ገደማ አንዴ ነው፣ ይህንንም በዚያው ላቦራቶሪ የነበረው ጌሪ ፍላንድሮ በ1965 አስቀድሞ አይቶት ነበር። ጊዜው ሳያልፍ መድረሳችን አሁንም ይገርመኛል።

እሺ፣ ፍጥነት ሁሉ ነገር ከሆነ ፍጥነትን በምን እናውቃለን? ጠፈር ላይ ምልክት የለም፣ መንገድ የለም፣ ከአጠገብ የሚያልፍ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል ከምሕዋሩ ሂሳብ የበለጠ ልቤን ወስዶታል።

ናሳ በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን፣ በስፔን ማድሪድ አቅራቢያና በአውስትራሊያ ካንቤራ አቅራቢያ ግዙፍ አንቴናዎች አሉት። ትልልቆቹ 70 ሜትር ስፋት አላቸው። ሦስቱ ቦታዎች በመሬት ዙሪያ ተራርቀው የተቀመጡት መሬት ስትዞር ቢያንስ አንዱ መንኮራኩሯን እንዲያያት ነው። ከአንቴናው ሬዲዮ ይላካል፣ መንኮራኩሯ ተቀብላ ትመልሳለች። የሄደበትና የመጣበት ጊዜ ርቀቱን ይነግረናል። የሬዲዮው ድግግሞሽ መጠነኛ ለውጥ ደግሞ ፍጥነቱን ይነግረናል፣ የዶፕለር ለውጥ የሚባለው ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች መንኮራኩር በሰከንድ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ብትፈጥን ይታወቃል። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባት የሚገፋት ግፊት እንኳ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፣ ካልገባ ከወራት በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ያስታል።

ግን ልብ በሉ። ዶፕለር የሚያሳየው ወደ እኛ የምትመጣበትን ወይም ከእኛ የምትርቅበትን ፍጥነት ብቻ ነው። ወደ ጎን የምትሄደውን በቀጥታ አያሳይም።

ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን የናሳ መንኮራኩር ያጠፋት ስህተት የተደበቀው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነበር። ታሪኩን ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፣ የመለኪያ መምታታት ተብሎ። እውነት ነው፣ አንዱ የመሬት ሶፍትዌር የትናንሽ ሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ ሰከንድ ያወጣ ነበር፣ ተቀባዩ ደግሞ ኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ ወሰደው፣ ልዩነታቸው 4.45 እጥፍ ነው። ለእኔ የሚያሳዝነው ግን ስህተቱ ዘጠኝ ወር ሙሉ መቆየቱ ነው። እነዚያ ትናንሽ ግፊቶች በአብዛኛው የሚያርፉት ወደ ጎን ስለነበር ዶፕለሩ ላይ ጎልተው አልታዩም። አንድ ነገር እንዳልገጠመ የጠረጠሩ የአቅጣጫ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ጥርጣሬያቸው ግን መንገዱን ለማስተካከል አልበቃም። በመስከረም 1999 ማርስ ስትደርስ ከመሬቱ 226 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ታልፋለች ተብላ ነበር። በኋላ ሲሰላ 57 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በዚያ ከፍታ የማርስ አየር መንኮራኩሯን አይምራትም።

ወደ ጎን የሚደረገውን ጉዞ የሚያሳይ ዘዴ አለ። ሁለት የተራራቁ አንቴናዎች የመንኮራኩሯን ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፣ አንዱ ጋ ከሌላው በጥቂቱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ያቺ መዘግየት አቅጣጫዋን ትናገራለች። ከዚያ ሁለቱም አንቴናዎች በአቅራቢያዋ ወደሚታይ ኳዛር ይዞሩና ያንኑ ይለካሉ። ኳዛሮች በቢሊዮን በሚቆጠር የብርሃን ዓመት የሚርቁ የጋላክሲ እምብርቶች ስለሆኑ ከእኛ ሲታዩ አይንቀሳቀሱም ማለት ይቻላል። የማይነቃነቅ ምልክት ጠፋ ስንል የሰማዩ ዳርቻ ላይ ተገኘ።

የከዋክብት ነገርም አለ። አፖሎ 8 በታኅሣሥ 1968 ከጨረቃ ስትመለስ ጂም ላቨል የተሳሳተ ፕሮግራም ቁጥር አስገባና ኮምፒውተሩ መንኮራኩሯ ወደየት እንደዞረች ረሳ። ላቨል በመነጽሩ ከዋክብትን ፈልጎ፣ ሪጀልና ሲሪየስን አግኝቶ፣ አቅጣጫዋን መልሶ አስያዛት። ዛሬ ያንን የሚሠሩት ትናንሽ ካሜራዎች ናቸው፣ ያነሱትን ፎቶ ከከዋክብት ዝርዝር ጋር እያመሳከሩ። ከዋክብቱ ግን የሚነግሩን ወደየት እንደዞርን ነው፣ የት እንዳለን አይነግሩንም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ መማር ስትጀምሩ ቶሎ ለዩዋቸው።

መማር የሚፈልግ ካለ እኔ የምመክረው በእጅ ማስላትን ነው። ሲሙሌተር ጥሩ ነው፣ ዓይን ይከፍታል፣ ግን ቁጥሩ በእጃችሁ ሲወጣ የሚሰማችሁ ሌላ ነው። የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሆራይዘንስ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለው። የየትኛውንም ፕላኔት፣ የቮዬጀሮችንም ጭምር፣ በፈለጋችሁት ቀን የት እንደሚገኙ ይሰጣችኋል። ያሰላችሁትን ከዚያ ጋር አስተያዩት። ትንሽ ከተለያየ ያቺን ልዩነት ተከትላችሁ ሂዱ፣ ኬፕለር በ8 ደቂቃ ቅስት ያደረገውን አድርጉ።

እኔ አሁን የያዝኩት የሦስት አካላት ጉዳይ ነው። እስካሁን ያወራሁት አንድ ስበት ብቻ ሲያዝ ነው። ሁለት ስበቶች ሲሻሙ ንጹሑ ሞላላ ይፈርሳል፣ አዳዲስ መንገዶችም ይከፈታሉ። በ1990 የተተኮሰችው የጃፓኗ መንኮራኩር ሂተን ወደ ጨረቃ ምሕዋር ለመግባት በተለመደው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አልነበራትም። ኤድዋርድ ቤልብሩኖና ጄምስ ሚለር ሌላ መንገድ አወጡላት። ከጨረቃ አልፋ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ወጣች፣ እዚያ የፀሐይ ስበት ቀስ ብሎ መንገዷን አቃናላት፣ ስትመለስ ጨረቃ ራሷ ለጊዜው ያዘቻት። ጥቅምት 1991 ነበር። ያንን መንገድ በትንሽ ኮድ እንደገና ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። መነሻ ፍጥነቱ ላይ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ስቀይር መጨረሻው ሙሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጨረቃ አጠገብ አድርሶኛል፣ እንድትይዘኝ ግን ገና ነው። ሲሳካ ኮዱን እዚሁ አወጣዋለሁ።